የአምፕሊፋየር ማብሪያ ሲበላሽ፦ ይጽዳ፣ ይቀየር፣ ይታለፍ ወይስ በሪሌይ ይታገዝ?

የቤት አምፕሊፋየር ማብሪያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተጫኑት አይበራም። ቀጥሎ ጣት ካልተደገፈበት አይቆይም፤ የክብሪት እንጨት ወይም የታጠፈ ወረቀት የተሸጎጠበት ማብሪያ በየቤቱ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻ ወይ ጨርሶ አይበራም፣ ወይ ጨርሶ አይጠፋም። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ባለቤቱ እዚህ ሲደርስ ምክር ይበዛበታል። አንዱ «ስፕሬይ ንፋበት» ይላል፤ ሌላው «ማብሪያውን ቀጥታ አድርገውና ከዲቫይደሩ አብራው አጥፋው» ይላል፤ ሦስተኛው አዲስ ማብሪያ አስገባ ይላል፤ ሽጠህ ሌላ ግዛ የሚልም አይጠፋም።

እያንዳንዱ ምክር የሚሠራበት ቦታ አለው። የእኔን አቋም ግን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የፊት ማብሪያው ራሱ የ220 ቮልቱን መስመር የሚቆርጥ ከሆነ ትክክለኛው ጥገና ማብሪያውን መቀየር ነው። አዲሱ የሚመረጠውም ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ ሳይሆን በተጫነበት የመጀመሪያ ቅጽበት የሚያልፈውን ኃይለኛ ከረንት መሸከም መቻሉ ታይቶ ነው። ይህን ያላየ ሰው በዓመቱ ያንኑ ጥገና ይደግማል።

ማብሪያውን የሚበላው ምንድን ነው?

አምፑ 300 ዋት ይወስዳል እንበል። 300ን ለ220 ብናካፍል 1.4 አምፔር ገደማ ይመጣል። «እንግዲያው 3 አምፔር የተጻፈበት ትንሽ ማብሪያ ይበቃዋል» የሚያሰኘው ይህ ስሌት ነው፤ ግን ስሌቱ የሚናገረው አምፑ በርቶ ከተረጋጋ በኋላ ስላለው ከረንት ነው። ማብሪያው የሚጎዳው ከዚያ በፊት ነው።

አምፑ ጠፍቶ ሲቆይ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ባዷቸውን ናቸው። በአንድ መካከለኛ አምፕ ውስጥ 10000 ማይክሮፋራድ የሚይዙ ሁለት ካፓሲተሮች ማግኘት የተለመደ ነው። ማብሪያው ሲጫን እነዚህ ባዶ ጋን ውሃ እንደሚውጥ ከረንት ይውጣሉ። ትራንስፎርመሩም ብረቱ ማግኔት ይዞ እስኪረጋጋ ድረስ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች መስመሩን የሚገታው የሽቦው ኦም፣ ማለትም ሽቦው ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን፣ ብቻ ይሆናል። 220 ቮልት የምንለው ሞገድ ጫፉ 311 ቮልት ነው። የአንድ ክብ ትራንስፎርመር የመግቢያ ጥቅል 4 ኦም ቢሆን 311 ለ4 ሲካፈል 78 አምፔር ገደማ ይሆናል። ሁልጊዜ ያን ያህል አይደርስም፤ ሞገዱ የት ላይ ሳለ እንደተጫነ ይወስነዋል። አንዳንድ ቀን አምፑ ሲበራ የክፍሉ አምፖል ብልጭ ድርግም የሚለው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም የማይታየው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ 1.4 አምፔር ተብሎ የታሰበው ማብሪያ በየጊዜው የዚያን ብዙ እጥፍ ይቀበላል።

ሲጠፋም እረፍት የለውም። ትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ስለሆነ ከረንቱ ሲቋረጥበት ይታገላል፤ በማብሪያው ሁለት ጥርሶች፣ ማለትም ውስጡ በሚገናኙትና በሚለያዩት ብረቶች፣ መካከልም ብልጭታ ይዘላል። ሲበራ በከረንት፣ ሲጠፋ በብልጭታ የሚቃጠለው የጥርሶቹ የብር ቅብ ቀስ በቀስ ይቦረቦራል፣ ይጠቁራል። የጠቆረ ጥርስ ደግሞ ይሞቃል። ማብሪያው ውስጥ ግማሽ ኦም ብቻ ቢፈጠርና 2 አምፔር ቢያልፍበት 2 ዋት ሙቀት ይወጣል። የአውራ ጣት ጫፍ በምታክል የፕላስቲክ ቤት ውስጥ 2 ዋት ፕላስቲኩን ለማለስለስ ይበቃል። ያኔ ስፕሪንጉ ቦታውን ይለቃል፣ ማብሪያውም መያዝ ያቆማል።

የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የብዙ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች የአየር ክፍተት የሚሰላው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ 3000ን አልፋለች። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታን የመከልከል አቅሙም ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ሰው ማብሪያ ሲመርጥ ልክ የበቃውን ሳይሆን አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይውሰድ። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ለሚኖር ሰው ከፍታው ችግር አይሆንበትም፤ ለእሱ የሚከብደው ሙቀቱና አቧራው ነው። ደጋ ላይ ኩበትና ከሰል በሚነድበት ክፍል የሚቀመጥ አምፕ ደግሞ ማብሪያው ውስጥ ቅባት የቀላቀለ ጥቀርሻ ይሰበስባል።

በእርግጥ ማብሪያው ነው የተበላሸው?

ለማብሪያ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን መለየት የግድ ነው፤ «ማብሪያው ተበላሽቷል» ተብለው ከሚመጡት ውስጥ ማብሪያው ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ስፒናው ተሰክቶ እያለ ከማብሪያው እግሮች አንዱ ሁልጊዜ ከረንት እንዳለበት ቁጠሩት። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከከፈታችሁም በኋላ የትልልቆቹን ካፓሲተሮች ቮልት በመልቲሜትር ለኩ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካለ በካቻቪቴ አታገናኙት። 1 ኪሎ ኦም የሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር እግሮቹን በተሸፈነ ፒንሳ ይዛችሁ በካፓሲተሩ ሁለት ጫፍ ላይ አቆዩትና እንደገና ለኩ።

ከዚያ ቀላሉን አስቀድሙ። ሶኬቱ በሌላ ዕቃ ይሠራል? ገመዱ ከስፒናው ሥር አልተቆረጠም? ፊውዙ አልተቃጠለም? ፊውዙ ከተቃጠለ የበለጠ አምፔር ያለው ፊውዝ ወይም ሽቦ አታድርጉበት፤ ያቃጠለው ነገር ሌላ ስለሆነ እሱን መፈለግ ይቀድማል።

ቀጥሎ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በስፒናው ሁለት ጣቶች መካከል ለኩ። ማብሪያው ሲጠፋ መስመሩ ክፍት መሆን አለበት። ሲበራ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ኦም ይታያል፤ ለቤት አምፕ ከጥቂት ኦም እስከ ጥቂት አሥሮች ነው። ማብሪያውን ደጋግማችሁ አብሩና አጥፉ። ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ አንዴ 6፣ አንዴ 40፣ አንዴ ክፍት የሚል ከሆነ፣ ጥርሱ ተቃጥሏል። በማብሪያው በራሱ እግሮች ላይ ስትለኩ ደግሞ ጤነኛው ከ1 ኦም በታች ያሳያል። ማብሪያው ደህና ሆኖ ስፒናው ላይ ክፍት ከሆነ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው የሙቀት ፊውዝ ወይም ጥቅሉ ራሱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ጥገና ነው።

ሁለት ነገሮች ላይ በተለይ ዓይናችሁን ጣሉ። የመጀመሪያው የፕላስቲክ ዘንጉ ነው። በብዙ የጃፓን አምፖች ውስጥ ማብሪያው ያለው ከኋላ በኩል ሲሆን ከፊቱ አዝራር ጋር የሚያገናኘው ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲሰበር ወይም ከጎድጓዱ ሲወጣ አዝራሩ ይጫናል፣ ማብሪያው ግን አይሰማም። ዘንጉን መልሶ ማስገባት ወይም በጠንካራ ማጣበቂያ መጠገን ይበቃል። ሁለተኛው የብየዳው ሊድ ነው። ማብሪያው የአምፑ ክፍሎች በተበየዱበት ሰሌዳ (ሰርኪዩት ቦርድ) ላይ በቀጥታ የተበየደ ከሆነ በየጊዜው ሲጫን ሰሌዳው ይተጣጠፋል፤ በእግሮቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚታይ ስንጥቅ ይፈጠራል። አሮጌውን ሊድ አንስቶ በአዲስ መበየድ ከሁሉም የረከሰው ጥገና ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሰሌዳውን ገልብጦ ሳያየው ማብሪያ ፍለጋ ይሄዳል።

አምፑ የማይጠፋ ከሆነስ? ጥርሶቹ ተበይደው ሊሆን ይችላል። ግን በማብሪያው እግሮች መካከል የተበየደች ትንሽ ካፓሲተር ካለች መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ። ብልጭታውን ለማጥፋት የተቀመጠች ናት፤ መጠኗም ብዙ ጊዜ 0.01 ማይክሮፋራድ ነው። እሷ ሾርት ስታደርግ ማብሪያው ቢጠፋም መስመሩ በእሷ በኩል ይቀጥላል። የምትቀይሯት 275 ቮልት ኤሲ ተብሎ በተጻፈባት፣ ለመብራት መስመር በተሠራች ኤክስ2 ዓይነት ብቻ ነው። ተራ ካፓሲተር እዚያ ቦታ ላይ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ማጽዳት

ስፕሬይ ለድምጽ ማስተካከያውና ለመምረጫው ቁልፍ ጥሩ መድኃኒት ነው። እዚያ የሚያልፈው ከረንት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አቧራና ዝገት ነው፤ ያ ይታጠባል። የ220 ቮልቱ ማብሪያ ጥፋት ግን የተቃጠለ ብረት ነው፤ የተበላ ብርም ታጥቦ አይመለስም። ስፕሬይ የተነፋበት ማብሪያ ለሳምንታት ሊሻለው ይችላል፤ ከዚያ ይመለሳል። ለመኪና ብሎን የሚነፋው ዘይትማ ጨርሶ አይሞከር፤ የሚተወው ዘይት በብልጭታ እየከሰለ ራሱ ከረንት አስተላላፊ ይሆናል።

ስለዚህ ስፕሬይን የምመክረው ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አምፑ ለዓመታት ሳይበራ ቁም ሣጥን ላይ ቆይቶ ከሆነ ጥፋቱ ዝገት ብቻ ሊሆን ስለሚችል መሞከሩ ተገቢ ነው። ወይም ደግሞ አዲሱ ማብሪያ እስኪመጣ ለጥቂት ቀን ለማቆየት። ሁሌም ስፒናው ተነቅሎ፣ ከነፉም በኋላ በደንብ እስኪደርቅ ተጠብቆ ነው፤ ብዙዎቹ ስፕሬዮች እሳት ይይዛሉ።

ማብሪያውን ከፍቶ ጥርሱን መፋቅስ? የእጅ ጥበብ ላለውና ለብርቅ አምፕ ይሠራል። የማብሪያው ቤት በትናንሽ የብረት ጆሮዎች የተያዘ ከሆነ በጥንቃቄ ይከፈታል፤ ስፕሪንጎቹ ግን ዘልለው እንዳይጠፉ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክፈቱት፤ ሲፈታም በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱት። ጥርሱን በጣም ለስላሳ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ ማድረግ ይበቃል፤ በሞረድ ከተፋቀ የቀረው ብር ያልቅና መዳቡ ይወጣል። እንዲህ የተጠገነ ማብሪያ ዕድሜው ከአዲሱ ያነሰ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የፊት አዝራሩና ዘንጉ ሳይነኩ መቅረታቸው ነው።

መቀየር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙው ገንዘብም ብዙው ስህተትም ያለው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በማብሪያው ላይ የተጻፈው ነው። 250 ቮልት የሚል ሊኖርበት ይገባል፤ 125 ቮልት ብቻ የሚል ማብሪያ ለእኛ መስመር አይሆንም። ከዚያ አምፔሩን እዩ። ጥሩ ማብሪያ ላይ በሰያፍ መስመር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 4/80። የመጀመሪያው ያለማቋረጥ የሚሸከመው አምፔር ነው፤ ሁለተኛው በመነሻው ቅጽበት የሚችለው ጫፍ ነው። በሌሎች ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል ቲቪ ተብሎ ቁጥር ይከተለዋል። ቲቪ-5 ማለት 5 አምፔር ያለማቋረጥ፣ ሲነሳ ደግሞ እስከ 78 አምፔር ነው፤ ቲቪ-8 ደግሞ 8 እና 117። ቀደም ብለን 4 ኦም ላለው ትራንስፎርመር ያሰላነው 78 አምፔር ከቲቪ-5 ጋር እኩል ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አምፕ ደጋ ላይ ቲቪ-8ን ካገኛችሁ ያዙት። አንድ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ «3 አምፔር 250 ቮልት»፣ የተጻፈበት ማብሪያ ስለመነሻው ቅጽበት ምንም ቃል አልገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ ማብሪያው የሚቆርጠው አንድ መስመር ነው ወይስ ሁለት? እኛ ጋ የሚሠራበት ባለ ሁለት ክብ ጣት ስፒና በሁለቱም በኩል ተገልብጦ ይገባል። አንድ መስመር ብቻ የሚቆርጥ ማብሪያ ስፒናው በተገለበጠበት ቀን ኑትራሉን (መመለሻውን መስመር) ቆርጦ ፌዙን (ከረንት ያለበትን መስመር) አምፑ ውስጥ ይተዋል። አምፑ ጠፍቶ ይታያል፤ ውስጡ ግን ከረንት አለበት። ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ይህን ይከላከላል። የድሮው አንድ መስመር ብቻ የሚቆርጥ ቢሆን እንኳ ሲቀየር በሁለት ቢተካ እመርጣለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያሟላ ማብሪያ ከየት ይመጣል? ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የተሻለው ምንጭ የሞተ ቴሌቪዥን ነው። የድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ሲበራ እንደ አምፕ ብዙ ከረንት በአንዴ ስለሚስብ ማብሪያው ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ቲቪ የሚለው መለኪያም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ተጭኖ የሚይዝ፣ እንደገና ሲጫን የሚለቅ፣ ብዙዎቹም ሁለቱን መስመር የሚቆርጡ ናቸው። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ባለበት ከተማ ሁሉ ጥግ ላይ የተደረደሩ ሬሳ ቴሌቪዥኖች አይጠፉም፤ ከእነሱ የሚወጣ ጤነኛ ማብሪያ ከብዙ አዲስ ርካሽ ማብሪያ ይበልጣል። ቢያንስ ሃያ ጊዜ እያበራችሁና እያጠፋችሁ በመልቲሜትር ለኩት፤ በየመስመሩ ከ1 ኦም በታች እየሰጠ ካልዘለለ ይሠራል።

ስትበይዱት እግሮቹን በግምት አታገናኙ። አንዳንዱ አራት እግር አለው፣ አንዳንዱ ስድስት። ሲጫን የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ በመልቲሜትር ለዩና በወረቀት ሳሉት። ሁለቱ መስመሮች በየራሳቸው ጥርስ ይለፉ፤ ከተደባለቁ ማብሪያው በተጫነ ቅጽበት መስመሩ ሾርት ያደርጋል። እግሩ ከሰሌዳው ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ማብሪያውን በብረት መያዣ ላይ አስራችሁ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ሽቦ አገናኙት። እያንዳንዱን እግር በሙቀት የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኑ፤ ናስትሮ ብቻውን ሙቀት ሲነካው ይላላል። በባዶው ብረትና በአምፑ ቆርቆሮ መካከልም ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ተዉ።

ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው በመሃሉ የሚወዛወዝ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ መብራት ያለበት ማብሪያ ነው። ባለ 16 አምፔሩ ለመካከለኛ አምፕ ጥሩ ምትክ ይሆናል፤ ባለ 6 አምፔሩን ግን ለትልቅ ትራንስፎርመር አልመርጠውም። ጉዳቱ ቀዳዳ መቁረጥ መጠየቁ ነው። የፊቱን ሰሌዳ አትቁረጡ፤ የአምፑ ዋጋም መልኩም እዚያ ነው። የኋላውን ቆርቆሮ ቁረጡ፣ ስትቆርጡም የውስጡን በጨርቅ ሸፍኑ፤ በሰሌዳው ላይ የወደቀች አንዲት የብረት ብናኝ ሌላ ጥገና ታመጣለች።

ትክክለኛውን የፋብሪካውን ማብሪያ መፈለግስ? ቢገኝ ከሁሉ ይሻላል። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መርካቶ ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ግን ለዚህ ብቻ ብሎ መሄድ የሚያዋጣው የቴሌቪዥኑ ማብሪያ በቅርጽ ጨርሶ ካልገጠመ ብቻ ነው። ከሄዳችሁ ፎቶ ሳይሆን የተፈታውን ማብሪያ ራሱን ያዙ፤ የእግሮቹ ርቀትና የዘንጉ ርዝመት በፎቶ አይለካም። የገጠመውንም ሁለት ግዙ።

ማለፍ፦ ማብሪያውን ቀጥታ አድርጎ ከዲቫይደር ማጥፋት

ለዚህ ዘዴ ያለኝ ግምት ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ከክብሪት እንጨቱ የተሻለ ነው። በተሸጎጠ ነገር የተያዘ የተቃጠለ ጥርስ እሳት ነው፤ በደንብ የተበየደ ሽቦ ግን አይሞቅም።

ችግሩ ጥፋቱ ቦታ መለወጡ ነው። የመነሻው ከረንት አሁን የሚያርፈው በዲቫይደሩ ትንሽ ማብሪያ ላይ ነው፤ የብዙ ርካሽ ዲቫይደሮች ማብሪያ ደግሞ ከአምፑ ማብሪያ የደከመ ነው። የከፋው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሰው ቤት በሌለበት፣ ድምጹ ከፍ እንዳለ መብራት ሲመለስ አምፑ በራሱ ይነሳል፤ ስፒከሩ ድብ ይላል፣ ማንም ሳይሰማው ሲሠራ ያድራል።

ይህን መንገድ ከመረጣችሁ የሚታለፈው ማብሪያው ብቻ ነው፤ ፊውዙ በመስመሩ ላይ ይቅር። ሽቦው ይበየድ እንጂ አይጠምዘዝ። በዲቫይደር ፋንታ በግድግዳ ላይ የተተከለ ባለ ማብሪያ ጠንካራ ሶኬት ካለ እሱን ተጠቀሙ። አምፑ ላይም «ማብሪያው አይሠራም፣ ከሶኬት ይነቀል» ብላችሁ ለጥፉ፤ ነገ የሚከፍተው ሌላ ሰው ጠፍቷል ብሎ እጁን እንዳይከት።

በሪሌይ ወይም በቴርሚስተር ማገዝ

ማብሪያው አሁንም እየያዘ ግን ከደከመ፣ ወይም ምትክ የማይገኝለት የተወደደ አሮጌ አምፕ ከሆነ፣ ሸክሙን ከማብሪያው ላይ ማንሳት ይቻላል። ቀላሉ መንገድ ጥቅሉ በ220 ቮልት ኤሲ የሚሠራ፣ ጥርሱ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚችል ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ከረንት የሚታዘዝ ሌላ ማብሪያ፣ ነው፤ የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ከነመቀመጫው ይገኛል። የአምፑ ማብሪያ የሪሌዩን ጥቅል ብቻ ያነሳል፤ በእሱ የሚያልፈው ከረንት ወደ ሚሊአምፔር ይወርዳል፣ ትልቁን ሥራ ሪሌዩ ይሠራል። ለትልቅ ከረንት የደከመ ጥርስ ለዚህ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሪሌዩ ግን ቦታ ይፈልጋል፣ ሲነሳ ጠቅ ይላል፣ ርካሹ ደግሞ እምም የሚል ድምጽ ያወጣል።

ሌላው መንገድ ከማብሪያው ቀጥሎ በመስመሩ ላይ የሚገባ ቴርሚስተር ነው። ሲቀዘቅዝ 10 ኦም የሚሆን፣ ሲሞቅ ግን ከ1 ኦም በታች የሚወርድ ዓይነት ይፈለጋል። ወደ ቀድሞው ስሌት ብንመለስ 4 ኦሙ 14 ይሆናል፤ 311 ለ14 ሲካፈልም 22 አምፔር ገደማ። ከ78 ወደ 22 መውረድ ለማንኛውም ማብሪያ ትልቅ እፎይታ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ቴርሚስተሩ ሲሠራ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል እግሩን ረዘም አድርጉት፣ ከገመድና ከፕላስቲክ አርቁት። ከዚህም በላይ አንዴ ከሞቀ ለመቀዝቀዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ መብራት ብልጭ ብሎ ወዲያው ሲመለስ ቴርሚስተሩ ገና ትኩስ ስለሆነ አይከላከልም። መብራቱ በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበት ሰፈር ቴርሚስተር ማብሪያውን ያግዛል እንጂ ለደካማ ማብሪያ ምትክ አይሆንም።

ምክሬ የሚለወጥባቸው አምፖች

የፊት አዝራሩ ሲነካ ብቻ ጠቅ የሚል፣ የማይገባና የማይወጣ፣ ሪሞትም ያለው አምፕ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አዝራሩ 220 ቮልት አይቆርጥም፤ ለውስጡ ሰሌዳ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ባለ አራት እግር ትንሽ አዝራር ነው፤ ከማንኛውም የሞተ ሪሲቨር ሰሌዳ ተነቅሎ ይተካል። በሪሞት የሚበራ ግን በአዝራሩ የማይበራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አዝራሩ ነው። በሁለቱም ካልበራ የስታንድባይ ክፍሉን ወይም ሪሌዩን የሚያይ ጠጋኝ ያስፈልጋል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው፣ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራና በትራንስፎርመር ወርዶ የሚሠራ አምፕ ደግሞ ለዚያው ዋት በማብሪያው የሚያሳልፈው ከረንት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለእሱ ማብሪያ ስትመርጡ አንድ ደረጃ ጨምሩ። አምፑ ሲጠፋ ማውረጃው ትራንስፎርመር በርቶ ስለሚቀር እሱንም ከግድግዳው ንቀሉት።

ራሴ ልሥራው ወይስ ለጠጋኝ ልስጠው?

ሊድ በይዳችሁ የማታውቁ ከሆነ በ220 ቮልት መስመር ላይ አትጀምሩ። ለጠጋኝ ስትሰጡ ግን ጥያቄያችሁን ግልጽ አድርጉ፦ «ወንድሜ፣ ሁለቱን መስመር የሚቆርጥ የቴሌቪዥን ማብሪያ አድርግልኝ፤ የድሮውንም እንዳትጥለው፣ ለእኔ ስጠኝ» በሉት። የድሮውን መቀበል ለወደፊቱ መለኪያ ይሆናችኋል፤ በእርግጥ የተቀየረ መሆኑንም ታያላችሁ። አምፑን በስልሳ ወይም በመቶ ዋት አምፖል በኩል አገናኝቶ እንዲያስነሳላችሁም ጠይቁት። ይህ የድሮው ባለ ክር አምፖል መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ጤነኛ አምፕ ሲነሳ አምፖሉ ደመቅ ብሎ ወዲያው ይደበዝዛል። ደምቆ ከቀረ አምፑ ውስጥ ሾርት አለ፤ ማብሪያውን የበላው እሱ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ 220 ላይ አይሰካ።

ሽጦ ሌላ መግዛት የሚያስኬደው እዚህ ላይ ብቻ ነው፦ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ተቆርጦ ከሆነ ወይም የመውጫው ትራንዚስተሮች አብረው ከሄዱ። ለማብሪያ ብቻ ተብሎ ጥሩ የድሮ አምፕ መጣል ግን ያሳዝነኛል። ትራንስፎርመሩና ብረቱ ዛሬ በዚያ ዋጋ አይገኙም።

ከተጠገነ በኋላ ድምጹን መካከለኛ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ያህል አጫውቱት፤ ከዚያ አጥፍታችሁ ስፒናውን ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱና የማብሪያውን ፕላስቲክ በጣት ጀርባ ዳስሱ። ለብ ማለት ደህና ነው፤ ከሞቀ ብየዳው ወይም ጥርሱ ደካማ ነው፣ ይደገም። ለሠርግ ወይም ለማኅበር በጄነሬተር የምታሠሩት ከሆነ ጄነሬተሩ ተነስቶ እስኪረጋጋ አምፑ ይጥፋ፤ ጄነሬተሩ ከመቆሙ በፊትም አምፑ ቀድሞ ይጥፋ። መብራት ሲሄድም ማብሪያውን አጥፉት፤ ከተመለሰ በኋላ መስመሩ ጥቂት ደቂቃ መርጋቱን አይታችሁ ድምጹን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት።